ተገልብጣ የተሰቀለች ገሳ

ጎንደር ውስጥ በማስተምርበት የልብስ ዲዛይን ማሠልጠኛ፣ ፎቁ ላይ፣ ከመምህራን ቢሮ ፊት ለፊት አንዲት ከሣር የተሠራች ልብስ በእንጨት ፍሬም ተወጥራ ለዓመታት ተሰቅላ ነበር። ከሥሯ የተለጠፈው ወረቀት «የመመረቂያ ሥራ፤ አንደኛ የወጣ ፈጠራ» ይልና ስሜ ይከተላል። ስሜን እዚህ አልደግመውም፤ እዚያ መጻፉ ይበቃል። አዲስ ሠልጣኞች በገቡ ቁጥር አንዷ ቀልጠፍ ያለች ልጅ ታያትና «መምህር፣ እንዴት አድርገሽ ሠራሻት?» ትለኛለች። ጥያቄ የሚወድ ተማሪ ነፍሴ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሰዓቴን አያለሁ። «ወደ ክፍል ግቡ፣ ማሽኖቹን ዘይት አጠጧቸው» እላለሁ።

የሠራኋት እኔ አይደለሁም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የጃናሞራ ልጅ ነኝ። ያውም ከመካነ ብርሃን ከተማ ሳይሆን ከዚያ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቅ ደጋ። ጎንደር ስመጣ ግን ከከተማው ዳር ያለችው የፀዳ ልጅ ሆንኩ። ቤት የተከራየሁት ፀዳ ስለነበር ውሸቱ ግማሽ እውነት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የጀመረው በሥልጠናው የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ከጎረቤታችን ወረዳ ከበየዳ የመጣች አንዲት ልጅ የጎረቤቷን ቀሚስ ዳሰስ አድርጋ «እንዴት ሸጋ ነው!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅቱ ስም ተረስቶ «ሸጋ» ሆና ቀረች። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም ከሁሉም አብልጬ ሳይሆን አይቀርም። ቤቴ ስገባ ግን የአገሬን ቃላት ከአፌ እንደ ምስር ለቀምኳቸው። ሸጋ ወጣ፣ ምነው ወጣ፣ አያ ወጣ። ወላጆቼ ሲደውሉ እንኳ ጓደኞቼ አጠገቤ ካሉ ስልኩን አላነሳም ነበር።

የግቢው በር ዘበኛ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሠልጣኞቹ «ፋዘር» ይሏቸዋል። አንድ ጠዋት ዘግይቼ እየሮጥኩ ስገባ «ምነው ልጄ፣ ዛሬስ ፀሐይ ቀደመችሽ» አሉኝ። እኔም ሳላስበው «ማኪና አጥቼ ነው፣ አያ» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። የከተማ ልጅ ሽማግሌን አያ ብላ አትጠራም። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

«ከወዴት ነሽ ልጄ?»

«ከዚሁ፣ ከፀዳ።»

ለአፍታ አዩኝ። «ይሁና» አሉ፣ በሩንም ከፈቱልኝ።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ሳልፍ እንደ አገራችን ወግ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሁሉ እየጠየቁ ሰላም ይሉኛል። ከጓደኞቼ ጋር ካዩኝ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም ይላሉ። አደራ አላልኳቸውም፤ እሳቸው ራሳቸው ምስጢሬን ያዙልኝ። የጃናሞራ ሰው መሆናቸውንም ያወቅሁት ከዚህ ወዲህ ነው።

የመመረቂያ ሥራ ጊዜ ሲደርስ መምህራችን «ጨርቅ የነካ ወድቋል» አሉን። ልብሱ ጨርቅ ካልሆነ ነገር ይሠራ ተባለ። አንደኛ የወጣው ደግሞ ረዳት መምህር ሆኖ እዚያው ይቀራል። ለእኔ ይህ ሽልማት ብቻ አልነበረም። ሥራ ካላገኘሁ የፀዳውን ቤት ለቅቄ ወደ ደጋው መመለስ ነበረብኝ፤ ያኔ የነበረኝ ልብ ደግሞ ከመመለስ ሞትን ይመርጥ ነበር።

ግቢው በአንድ ጊዜ የቆሻሻ ገንዳ መሰለ። አንዷ ከሆስፒታል የተጣለ የራጅ ፊልም ለምና አምጥታ ጉርድ ቀሚስ ሰፋች፤ ስትራመድ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጎድን አጥንት በፀሐይ ይታያል። አንዱ ያረጀ የማኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆራርጦ ጃኬት አደረገ፤ ሸተተን። ሸጋ ያልናት የበየዳዋ ልጅ ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ተርትራ ከክሩ ረጅም ካፖርት ሸመነች። «አባቴ ዝናብ ሲመጣ ከረጢቱን ነው የሚደርብ፣ ከሱ ያየሁት ነው» እያለች ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። ሳትጠየቅም ትናገራለች። እኔ እሷን ስሰማ ጆሮዬ ድረስ እቀላ ነበር፤ ማን እንዳሳፈረኝ ግን ያኔ አልገባኝም።

እኔ የመረጥኩት የቢራ ቆርኪ ነበር። ከየግሮሰሪው ለቅሜ፣ በምስማር በስቼ፣ በሽቦ አያይዤ ቀሚስ አቆምኩ። አቆምኩ ያልኩት በእውነት ስለቆመ ነው፤ ሰው ሳይገባበት ብቻውን ይቆማል። መምህሩ ዙሪያውን ሁለቴ ዞሩና «በሩ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። የለበሰችልኝ ልጅም ብብቷን ቧጨራትና ሁለተኛ አልለብስም አለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሽቦው በየቦታው ተበጠሰ። ለፈተናው የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ያዘኝና ዘበኛው ቤት ተጠለልኩ። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ገሳ ይሠራሉ። ገሳ በእኛ ደጋ ገበሬው በክረምት ከራሱ እስከ ወገቡ የሚደርባት የዝናብ ልብስ ናት። ግጫ ከሚባለው ረጅም የረግረግ ሣር ነው የምትሠራው። ከላይ ከአንገቷ በኩል ጠበቅ ተደርጋ ትጎነጎናለች፤ የሣሩ ጫፍ ደግሞ እንደ ጎጆ ክዳን ተደራርቦ ወደ ታች ይለቀቃል። ዝናቡ በጫፍ በጫፉ ይንሸራተታል እንጂ ውስጥ አይገባም። አባቴ እንዲህ ያለች ገሳ ደርቦ፣ ሰማይ ተቀዶ እየወረደ፣ ሸሚዙ ደርቆ ቤት ሲገባ አይቼ ነው ያደግሁት።

የሽማግሌው ጣቶች ሣሩን ረጠብ እያደረጉ አንዱን እፍኝ በሌላው ሲቆልፉ ሳይ፣ ሁለት ዓመት የተማርኩት የስፌት ዓይነት ሁሉ አነሰብኝ። «ነይ ላሳይሽ፣ እጅሽ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ትይዣለሽ» አሉኝ። «ግጫ ይቆርጠኛል» ብዬ እምቢ አልኩ። እውነቱ እጄ ቢቆረጥ ጓደኞቼ ምን ነካሽ እንዳይሉኝ ነበር። ግን ሄጄ ማየቴን አልተውኩም። በሦስተኛው ቀን ገሳዪቱ ልታልቅ ስትል ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ይህችን ለጥቂት ቀን ቢያውሱኝ?»

«ምን ታደርጊባታለሽ?»

«ለትምህርት ነው። እንድናሳይ ታዘን ነው።»

እጃቸውን አቆሙ። «የእኛን ነገር ሊያዩ? እዚህ?»

«አዎ።»

«ይሄስ ሸጋ ነው» አሉ። ደስታቸውን አይቼ ዓይኔን ወደ ዝናቡ አዞርኩ። «ውሰጃት። ዝናቡ ሳይጠነክር ግን መልሽልኝ፣ የአምናዋ አልቃለች።»

ፀዳ ወስጄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት። ያየ ሰው ሁሉ ገሳ እንደሆነች ያውቃል። ስለዚህ ገለበጥኳት። ጠባቡን አንገቷን ወደ ታች አድርጌ ወገብ ላይ በመቀነት አሰርኩት፤ የተለቀቀውን የሣር ጫፍ ወደ ላይ አቁሜ በትከሻና በማጅራት ዙሪያ በተንኩት። የቀረኝን ቆርኪ አሥር ያህል ጫፏ ላይ አንጠለጠልኩ። የእኔ ድርሻ ያ ነው፤ መቀነትና አሥር ቆርኪ። ሳልደብቅ ልናገር፣ አምሮባት ነበር። ባያምርባት ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ትርኢቱ የሆነው ሐምሌ ውስጥ ነው። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣራ ስለሆነ ዝናቡ ከማይክሮፎኑ በላይ ይጮኻል። ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ልብስ ሰፊዎች ናቸው፣ ሦስተኛው ስለ ባህል ልብስ የሚያውቁ ጎልማሳ። የእኔን ልብስ የለበሰችው ልጅ ስትወጣ አዳራሹ አጨበጨበ። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዷ «የአንበሳ ጎፈር ነው የሚመስለው» አለች። ጎልማሳው ግን ቀርበው ሣሩን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ይሄ ገሳ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«አይደለም» አልኩ።

«ጉንጉኑ የገሳ ነው።»

«ገሳ የሚባል ነገር አላውቅም። የፀዳ ልጅ ነኝ። እኔው ሞክሬ ሞክሬ ያገኘሁት ነው።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አሁን ሳስበው ይሄ ነው የሚገርመኝ። አባቴን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካድኩት።

ጎልማሳው አልለቀቁኝም። «ገሳ የሚለበስበት አገር ሰው የለም እዚህ?» ብለው ዞሩ። መምህራችን «ዘበኛችን አሉ፣ የጃናሞራ ናቸው» አሉና ሰው ላኩ።

ሽማግሌው ከበሩ ገቡ። የማዳበሪያ ከረጢት በአንድ ጥጉ አጣጥፈው እንደ ቆብ ራሳቸው ላይ ደፍተዋል፤ ውኃው ከትከሻቸው ይንጠባጠባል። ገሳቸው መድረክ ላይ ነበረች። ከረጢቱን አውልቀው ብብታቸው ሥር ያዙና ዳኞቹን እጅ ነሡ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሳቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አባት፣ ይሄ የእናንተ አገር ገሳ ነው ወይስ አይደለም? እውነቱን ይንገሩን» አሏቸው ጎልማሳው።

ገሳዪቱን አዩ። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብለው አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

«በማርያም» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ገሳ በእኛ አገር የለም።»

ጎልማሳው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። በእመቤታችን የማለ የደጋ ሽማግሌ ሁለተኛ አይጠየቅም። አንደኛ ወጣሁ። የበየዳዋ ልጅ ሁለተኛ ወጣች፤ በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ስትሰናበተኝ አቅፋኝ «ይገባሻል፣ የእውነት ሸጋ ነው» አለችኝ።

በትርኢቱ ማግስት ወደ በሩ ሄድኩ። ሽማግሌው በእኔ ምክንያት በሐሰት ማሉ ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ሄድኩና እሳቸው ቀደሙኝ፤ ይስቃሉ።

«ልጄ፣ ጉድ አረግሽኝ እኮ! ገልብጠሽ ነው ያለበስሻት! ጫፏ ወደ ሰማይ!»

ቦርሳዬን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩ።

«እንዲህ ያለ የለም ያልኩት እውነቴን ነው፣ አልዋሸሁም። ዓለም ከተፈጠረ ገሳ ዘቅዝቆ የለበሰ ሰው አላየሁም።» ሳቃቸውን ገታ አደረጉ። «ይሄ ከተማ አስረሳሽ መሰለኝ። ምን ታደርጊ፣ ልጅ ሆነሽ ነው የወጣሽ። እነሱ ፊት አላሳፍራትም ብዬ ተውኩት።»

ያኔ «አልረሳሁም፣ አውቄ ነው የገለበጥኳት» ማለት ነበረብኝ። እሳቸው ግን የረሳች ልጅ እንጂ የካደች ልጅ አልታየቻቸውም። እሳቸው ያዩዋትን ያቺን ልጅ ወደድኳት፤ ከእኔ ትሻላለች።

«ረሳሁ፣ አያ» አልኳቸው።

በአዳራሹ ከተናገርኩት ሁሉ ይልቅ ይህች ቃል ነች የምትከብደኝ።

ገሳዪቱን መመለስ አልቻልኩም። ማሠልጠኛው «የተቋሙ ንብረት ሆኗል፣ ለጎብኚ ይታያል» ብሎ ያዛት። ይህንንም ስነግራቸው አልተቆጡም። «ከታየች ምን ከፋ» አሉ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ።

«ስትሰቅሏት አቅኚልኝ። ስምሽም ይጻፍባት፣ ግድ የለም። ግን ጫፏ ወደ ታች ይሁን። ተዘቅዝቃ ሳስባት ይከፋኛል።»

«እሺ፣ አቀናታለሁ።»

አላቀናኋትም። ብትቀና ገሳ ትሆናለች፤ ገሳ ከሆነች ደግሞ እኔ ማን ነኝ? ሽማግሌው ፎቁ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ በጭቃ ጫማዬ ሰው ያጸዳውን አላበላሽም ይሉ ነበር። ያን ክረምት ሙሉ በከረጢቱ ቆመው በሩን ሲጠብቁ፣ እኔ ረዳት መምህር ሆኜ ጃንጥላ ይዤ በፊታቸው አልፋለሁ። ጃንጥላ ልገዛላቸው አስቤ አውቃለሁ። ግን ጃንጥላ ብሰጣቸው ለምን እንደሰጠኋቸው ራሴ ማወቄ ነው ብዬ ተውኩት። አንዳንዴ «አቀናሻት?» ይሉኛል። «አቀናኋት» እላለሁ።

ከዓመታት በኋላ ዕድሜ ተጫናቸውና ሥራቸውን ትተው አገራቸው ገቡ። በየዓመቱ ግን ለእንቁጣጣሽ ይደውላሉ። ኔትወርክ ለመያዝ ኮረብታ ላይ እንደሚወጡ የልጃቸው ልጅ ነግራኛለች። እንኳን አደረሰሽ ይላሉ፣ አግብተሽ ወለድሽ ወይ ይላሉ፣ ከዚያ «ገሳዪቱስ?» ይላሉ፣ እንደ ሰው። «ደኅና ናት» እላለሁ።

ባለፈው ነሐሴ የፎቁ ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። ማንም ልብ አላለውም። አንድ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ቢሮዬን አንኳኳችና «መምህር፣ ያ ሣር ገምቷል፣ ላውርደው?» አለችኝ። ወጥቼ አየሁ። ወደ ላይ የቆመው የሣር ጫፍ ጠብታውን እየተቀበለ ወደ ውስጥ ሲያንቆረቁር ከርሞ ጉንጉኑ ጠቁሯል፣ ሻግቷል። ስነካው በእጄ ፈረሰ። የተለጠፈው ወረቀት ላይ ቀለሙ ፈስሶ ስሜ አይነበብም።

«ጣይው» አልኳት።

እፎይ አልኩ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ይህንንም ልጻፍ፤ አሥራ አንድ ዓመት የተሸከምኩት ነገር በአንድ ባልዲ ተጠርጎ ሲወጣ ደስ አለኝ። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ የለም አልኩ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ስልኩ ጠራ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ ነፋስ ይሰማል።

«ገሳዪቱስ ልጄ?»

ደኅና ናት ልል ነበር። አፌ ደከመው መሰለኝ። «አያ፣ እሷስ በሰበሰች። ጣራው አፍስሶባት።»

«ከላይ ነው የወረደባት?»

«ከላይ።»

«ውስጧ ገባ?»

«ገባ።»

የገሳ ነገር ለሚያውቅ ሰው ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም። የክረምት ዶፍ ሲወርድባት ጠብታ የማታስገባ ልብስ፣ ከጣራ በሚንጠባጠብ ውኃ አትበሰብስም፤ ጫፏ ወደ ሰማይ ካልሆነ በቀር። ነፋሱን እየሰማሁ ጠበቅኋቸው። አቀናኋት ያልኩበትን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ የሚቆጥሩ መሰለኝ። ይቆጡኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቢቆጡኝ ሁሉንም ልናገር ቆርጬ ነበር።

«እንግዲያ» አሉ በመጨረሻ፣ «በደንብ አላሳየሁሽም ማለት ነው። ጫፏ ወደ ታች አልኩሽ እንጂ ጫፏ የትኛው እንደሆነ መች በእጄ አስነካሁሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አይደለም አያ፣ እኔ...»

«ግድ የለም፣ ግድ የለም። ግጫው ዘንድሮ ሸጋ ነው፣ ረዝሟል። ዓይኔ ቢደክምም እጄ አልረሳም። ሌላ ሠርቼ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ከአንገቷ ላይ ቀይ ክር አስርባታለሁ። ክሩ ያለበት ወደ ላይ ነው። እሱን አይተሽ ስቀያት፣ አይጠፋሽም።»

ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ነበር። ከበሩ ውጭ ፍሬሙ የነበረበት ግድግዳ ላይ ባዶ ምስማር ይታየኛል።

«አይጠፋኝም፣ አያ» አልኳቸው።